ከዚያ ሱቅ ያልገዛነው ፋሲካ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከግቢዬ ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለተማሪ አከራያለሁ። በዚያ ዓመት የተከራየችው ከጋምቤላ የመጣች፣ ነርስነት የምትማር ልጅ ነበረች። ረጅም ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ስትስቅ ግን ሳቋ እስከ ጎረቤት ይሰማል። አማርኛዋ ከብዙ የአዳማ ልጆች አማርኛ የጠራ ነው። ይህን የምናገረው ሰው ሁሉ ሲያገኛት ጆሮዋ የማይሰማ ይመስል ቀስ እያለና እየጮኸ ስለሚያናግራት ነው።

ከሰፈራችን አስፋልቱ ዳር አንድ ትልቅ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ፎቅ ከጨመረበት ወዲህ «ሱፐርማርኬት» ይለዋል፤ እኛ ሱቅ እንለዋለን። ሰውዬው በዓል ሲመጣ የሚያሳየውን መንፈሳዊነት ያየ ሰው ምንኩስና የቀረበት በቤተሰብ ኃላፊነት ብቻ ይመስለዋል። ሁዳዴ ሳይጋመስ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ባነር ይሰቅላል፤ በር ላይ በቆመው ስፒከር መዝሙር ይለቃል፤ ከመዝሙሩ ሥር እንቁላሉን በትሪ በትሪ፣ ዘይቱን በካርቶን ይከምራል።

ጾሙ ሊፈታ ሳምንታት ሲቀሩት ልጅቷን ዘይት እንድትገዛልኝ ላክኋት። ከትምህርት ስትመለስ በዚያው ጎራ አለች። ዘይቱን ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ ባለቤቱ ከካሸሯ ጎን ብድግ ብሎ፣ ከመዝሙሩ በላይ በሚሰማ ድምፅ፣ ቦርሳዋ ይፈተሽ አለ። ዘበኛው ያላትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ነጭ ጋዎኗ፣ ሃንድአውቷ፣ የጆሮ ማዳመጫዋ፣ ሴት ልጅ ወንድ ፊት የማታወጣው ነገር ሳይቀር ተዘረገፈ። የሱቁ ዕቃ አልተገኘም። ባለቤቱ ይቅርታ በማለት ፈንታ ወደ ዘበኛው ዞሮ «እነዚህን... ሳይፈተሹ አታስገባ ብዬህ አልነበር?» አለው። «እነዚህን» ከሚለው ቀጥሎ ያስከተለውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን የነገረችኝ ልጅቷ አይደለችም። እሷ የገባችው ባዶ እጇን ነው፤ «እማማ፣ ዘይቱን መልሼ አስቀመጥኩት፤ ብርዎ ይኸው» ብላ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። የነገረችኝ ከእሷ ኋላ ተሰልፋ የነበረችው ጎረቤቴ ናት። ጎረቤቴ የአርሲ ኦሮሞ፣ እስላም፣ ስትቆጣ ሁለቱንም ቋንቋ አንድ ላይ የምትናገር ሴት ናት። የያዘችውን ቅርጫት እዚያው ወለሉ ላይ ጥላው ወጥታለች።

«ወላሂ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል!» አለችኝ ግቢዬ ውስጥ እየተንጎራደደች። «አንድ ሰው እንኳ ‹ኧረ ተው› አይልም! በእኔም አማርኛዬን እያስመሰለ ካሸሯን ሲያስቅብኝ ነው የኖረው። እንዳልሰማ እየሆንኩ ነው እንጂ።»

በነጋታው ሄድኩለት። ሱቁ አንድ በር ብቻ ከነበረው ጊዜ ጀምሮ ደንበኛው ነኝና ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ የላኳት መሆኗን መች አወቅኩ?» አለ ገና አፌን ሳልከፍት። «ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ...»

«ብነግርህ ቦርሳዋን አታስፈትሽም ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ! የእርስዎን ሰው?»

እንግዲህ ይህ ነው ጨዋነቱ። የእኔ ሰው ከሆነች ሰው ናት፤ ብቻዋን ከመጣች ሌባ ናት። ይህን ብነግረው አልገባውም፤ ፈገግ እንዳለ አንድ ጀሪካን ዘይት አንሥቶ «ለበዓል ከእኔ ይሁንልዎ» ብሎ እጄ ላይ ሊያኖርልኝ ሞከረ። ሚዛኑ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።

እሑድ የሴቶች እድር ስብሰባ ነበረን። ተነሥቼ የሆነውን ተናገርኩ፤ ለፋሲካ ከዚያ ሱቅ ምንም እንዳንገዛም ጠየቅኩ። ያን ጊዜ የሰማሁትን ምክንያት ሁሉ ለብቻው ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል። አንዷ፣ በአገራችን ዘረኝነት የሚባል ነገር የለም፣ እሱ የፈረንጅ በሽታ ነው አለች። ሌላዋ፣ ሰውዬው የፈራው ሌባ ነው እንጂ ቀለም አይደለም አለች፤ ሌባ በቀለሙ እንዴት እንደሚታወቅ ግን አላስረዳችንም። ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ አንዲት ወይዘሮ ደግሞ በጾም ጠብ ማንሣት ኃጢአት ነው ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ሰውን በጾም ማዋረድ ምን እንደሚባል ብጠይቃት ነጠላዋን አስተካከለች።

ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ጎረቤቴ ተነሣች።

«ፋሲካ የእናንተ ነው፤ የእኔ አይደለም» አለች። «እኔ ግን ለኢድም ለሌላውም እዚያ ሱቅ እግሬ አይረግጥም። ያቺ ልጅ ነገ ሐኪም ቤት መርፌ ስትወጋችሁ የእጇን ቀለም ታያላችሁ ወይ? ያን ጊዜ ‹እህቴ› ነው የምትሏት። ዛሬም በሏታ!»

ከተሰበሰብነው ግማሹ እንኳ አልተስማማም። የተስማማነው ግን ቃላችንን ይዘን ወጣን።

በበዓሉ ሰሞን ሽንኩርት ልንገዛ ሚኒባስ ተኮናትረን መቂ ሄድን። ልጅቷንም በግድ ይዘናት ነው። መቂ ደላሎቹ አይሱዙ እያስጫኑ ነበር፤ ዘንቢላችንን ሲያዩ ሳቁብን።

«እናቶች፣ እዚህ በመኪና እንጂ በዘንቢል አንሸጥም!» አለ አንዱ።

ጎረቤቴ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው እስካሁን አልነገረችኝም፤ ሰውዬው ግን ባርኔጣውን አውልቆ ሽንኩርቱን ራሱ ይሰፍርልን ጀመር። በሌላ ቀን ደግሞ ለዶሮ፣ ለእንቁላልና ለቅቤ ወለንጪቲ ገበያ ወረድን። ስንመለስ ዶሮዎቹ ከወንበር ሥር ይንጫጫሉ፣ ቅቤው በሙቀቱ ቀልጦ የአንዷን ቀሚስ አበላሽቷል፣ ልጅቷ እንቁላሉን ጭኗ ላይ አቅፋ በየጉድጓዱ «ሾፌር፣ ቀስ!» ትላለች። ሱቁ ውስጥ ከተዋረደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

አልዋሽም፣ ቃላቸውን ያጠፉም ነበሩ። ከቃል አጥፊዎቹ አንዷን መንገድ ላይ ያዝኳት። የሱቁን ቢጫ ፌስታል በነጠላዋ ሸፍና በግድግዳው ጥግ ጥግ ትሄዳለች።

«ለአማቴ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

አማቷን ከቀበርናት ቆይተናል። እኔው ራሴ እድሩ ድንኳን ውስጥ ምስር ወጥ አቅርቤያለሁ። «በይ ሰላም በያት» ብያት አለፍኩ።

ሰውዬውን የጎዳው ግን የእኛ ዘንቢል ብቻ አልነበረም። የልጅቷ የክፍል ጓደኞች ነገሩን ሰምተው በቴሌግራም ተቀባበሉት። የዚያ ሱቅ እንጀራ ተማሪ ነው፤ ብስኩቱን፣ ሳሙናውን፣ የሞባይል ካርዱን የሚገዛው እሱ ነው። ተማሪዎቹ አልጮኹም፣ ድንጋይ አልወረወሩም፤ በሩ ላይ ሲደርሱ መንገድ ተሻግረው በወዲያኛው ጠርዝ ያልፋሉ፣ ካለፉ በኋላ ተመልሰው ይሻገራሉ። ቅዳሜ ሹር ጠዋት እኔም በዚያ ሳልፍ ባለቤቱ እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆሟል። መዝሙሩ ከወትሮው ከፍ ብሏል። ባነሩ ላይ «ልዩ ቅናሽ» የሚል ተጨምሮበታል። የእንቁላሉ ክምር ባለበት አለ።

መጀመሪያ ያደረገው ዘበኛውን ማባረር ነው። ጥፋቱ የዘበኛው ነው ብሎ ለሰፈሩ አስወራ። ያ ምስኪን የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር ምን አደረገ? ሳያጉረመርም ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። ከዚያ በዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌዎች ላከ፤ የላካቸው ግን ወደ እኔ ነው! ካፖርት የለበሱ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ሳሎኔ ተቀምጠው ይቅር በይው አሉኝ።

«እኔን ምን አደረገኝ?» አልኳቸው። «የበደላት ልጅ እዚያ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነው።»

ተያዩ። «እሷማ ልጅ ናት» አለ አንደኛው።

ጠራኋት። እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገብታ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ስለ ፍቅር፣ ስለ አንድነት፣ ስለ አብሮ መኖር ረጅም ንግግር አደረጉላት። ጨርሰው እስኪተነፍሱ በትዕግሥት ጠበቀቻቸው።

«አባቶች፣ እኔ ቂም አልያዝኩም» አለች። «የተናገረው ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም እዚያው፣ ሰው ፊት ይበለኝ። ድምፁም ያኔ እንደነበረው ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ ከብዷቸው ወጡ። ሰውዬውም ሳምንታት ፈጀበት፤ ይህን ያህል ጊዜ ምን ሲያሰላ እንደቆየ እሱ ያውቃል። በመጨረሻ ትምጣ ብሎ ላከብንና አንድ የሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እሷና እኔ ከጎረቤቴ ጋር ሄድን። ሱቁ ውስጥ ጥቂት ገበያተኞች ነበሩ። ከካሸሯ ጎን ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ... አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» አለ ወለሉን እያየ።

«‹ከሆነ› የሚለውን ያውጡት» አለችው።

እኔን አየ፤ ጎረቤቴን አየ፤ ሰዎቹን አየ። ጆሮው ቀላ።

«አጥፍቻለሁ። ይቅርታ።» ይህኛው ተሰማ። ዳቦ የያዘች አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችው።

«ዘበኛውስ?» አለች ልጅቷ።

«እሱ... አገሩ ገባ።»

«ለእሱም ይደውሉለት» አለችና ወጣች። መደወሉን አላውቅም፤ እንዳልደወለ ግን እጠረጥራለሁ።

ሰፈሩ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ያቺ አንገቷን የነቀነቀች ወይዘሮ ዛሬ «እርቁን ያመጣሁት እኔ በጸሎቴ ነው» ትላለች። እኔ አልተመለስኩም፤ ዘይቴን ከሸማቾች ማኅበር ነው የምገዛው፤ ወረፋው ይረዝማል፣ ፀሐዩም አይቻልም። ያን ቀን ግን ሦስታችን ከሱቁ ወጥተን ፊት ለፊት ካለው ጁስ ቤት ተቀመጥን። ጎረቤቴ ስፕሪስ አዘዘችልን። ልጅቷ አቮካዶውን በማንኪያ እየቆረሰች ስለ ፈተናዋ ታወራን ጀመር፤ ስለ ሰውዬው አንድም ቃል አላነሣችም።