የግራዝማች ካፖርት

ወሬውን የሰማሁት ባለፈው ፍልሰታ፣ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወርድ ነው። ስልክ ጠራ። ቴሌቪዥን ጣቢያ አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ናት። «የድሮዎቹን የቴፕ ማሽኖች ነቅለው አወጧቸው። ቴፖቹንም፣ ማጫወቻ የላቸውም ብለው ከቆሻሻ ጋር ጭነው ወሰዷቸው» አለችኝ።

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ልጄ ቤት ነው። ስልኩን እንደያዝሁ ቁጭ አልሁ። ከዚያ ሁሉ ቴፕ የእኔ ሐሳብ አንዱ ላይ ነበር።

ትውልዴ ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ከጉና ግርጌ ነው። አባቴ አጋሰስ ነጅ ነበር። በጣሊያን ጊዜ፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል፣ አርበኞች የተሸሸጉበትን ዋሻ ለጣሊያን ጠቁሟል ተብሎ በገዛ ወገኖቹ ተገደለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ያለ ፍትሐት ቀበሩት። እናቴ «አልጠቆመም» እንዳለች አለፈች። ወንድሜ አፅሙን አፍልሶ ቅጥር ውስጥ ለማሳረፍ ዕድሜውን ሙሉ ሲለምን ኖረ። ሽማግሎቹ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ምስክር አምጣ።»

ምስክሩ እኔ ወደምሠራበት ቴሌቪዥን ጣቢያ መጣ፤ ያውም በክብር መኪና።

የቴፕ ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። ማሽኑ የቁም ሣጥን ያህላል፤ የቴፑን ጥቅል ለማንሳት ወገብ ይጠይቃል። አሠራራችን እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ትንሽ ለሙከራ እንቀዳለን፣ ወደ ኋላ መልሰን እናያለን፣ ደህና ከሆነ ዋናውን እዚያው ላይ እንቀዳበታለን። ሙከራው ይጠፋል።

ለአርበኞች ቀን ከአገሬ አንድ ግራዝማች ተጋበዙ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆች አሏቸው። ደረታቸው ኒሻን የሌለበት ቦታ አልነበረውም። ስቱዲዮው ውስጥ ጋዜጠኛው፣ ካሜራማኑና የመብራት ሠራተኛው አብረዋቸው አሉ። እኔ ከማሽኔ አጠገብ ሆኜ በማዳመጫ እሰማለሁ።

«ለድምፅ ሙከራ ነው ግራዝማች፤ የመጣልዎትን ይናገሩ፣ ይጠፋል» አላቸው ጋዜጠኛው። «ጉና ብርዱ አይጣል ነው ይባላል። እንዴት ቻሉት?»

«እኔን ምን ብርድ ያገኘኛል፤ የጣሊያን ካፖርት ለብሼ።»

«ማርከው ነዋ።»

«የምን ምርኮ ነው፤ ተሸልሜ እንጅ። ዋሻውን ያሳየሁት ለት አዛዡ ከትከሻው አውልቆ ነው ያለበሰኝ።»

«ኧረ ይተዉ ግራዝማች።»

«ይጠፋል አላልኸኝም?»

ሦስቱም ሳቁ። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ቴፑን መልሼ ሳየው መነሻው አርጅቶ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ያን የተጎዳ ክፍል አሳልፌ ዋናውን ከእሱ ቀጥሎ አስጀመርሁ። ሙከራው ሳይጠፋ የቀረው በዚህ ነው።

ዋናው ሲጀመር ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሌላ ሰው ሆኑ። ካፖርቱን አሁን ከጣሊያን መኮንን በጎራዴ ማርከውታል። «ዋሻውንስ ማን ጠቆመ?» ሲባሉ፣ «አንድ አጋሰስ ነጅ ነው» ብለው የአባቴን ስም ከነአያቱ ጠሩ። እመ ብርሃን ናት የያዘችኝ፤ ማሽኑን ሳላቆም እስከ መጨረሻው ቀዳሁ።

እንደጨረሱ ኃላፊያችንን ጠርቼ ሙከራውን አሰማሁት። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ከረባቱን በመስታወት የሚያስተካክል ሰው ነበር።

«አንቺ ደግሞ፣ ሽማግሌ ሲቀልድ አታውቂም?» አለኝ።

«በስተኋላ የጠሩት እኮ አባቴን ነው።»

«በሙከራ የተባለ እንዳልተባለ ነው።»

ይህን የመሰለ ዕውቀት ለማምጣት ባሕር መሻገር ያስፈልግ ኖሯል። ቢያንስ ቅጂ ይሰጠኝ ብል፣ «የመንግሥት ንብረት ነው» ብሎ ሄደ። ዋናው ተላለፈ። ደብረ ታቦር ላይ ቴሌቪዥን ባለበት ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ለግራዝማች አጨበጨበላቸው አሉ። ያ የመንግሥት ንብረት ነው እንግዲህ አሁን ከቆሻሻ ጋር የተጫነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሌላ ነገር እንዳይቀዱበት ያን ቴፕ ከመደርደሪያው ጥግ ሸሽጌ ስጠብቀው ኖርሁ። ወንድሜንም «አይዞህ፣ ምስክርህ በእጄ ነው» እለው ነበር። እሱም ዘንድሮ ሽማግሎቹን አግባብቶ «እስቲ ይምጣና እንስማው» አሰኝቷቸው ነበር። አሁን ምን ልበለው?

ግራዝማች ካረፉ ቆይተዋል። በካህናት ታጅበው፣ በጥላና በጽናጽል ቅጥር ውስጥ ተቀብረዋል። ነፍስ ይማር ማለት ስለሚገባኝ እላለሁ፤ ከአንገት በላይ እንደሆነ ግን እግዚአብሔርም ያውቃል። አባቴ አሁንም ከቅጥሩ ውጭ ነው፤ በላዩ ላይ ከብት ይሄድበታል።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ለነበራችሁት ለሦስታችሁ ነው። እኔ ልጁ ነኝ፤ የልጅ ምስክርነት አይቆጠርም። ሽማግሎቹ ማሽን አይፈልጉም፣ የባዕድ አፍ ይበቃቸዋል። በሕይወት ካላችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ እስከ ጉና ግርጌ ዝለቁልኝ። ግራዝማችን ስደቡልኝ አልልም። ያን ቀን ምን ሰምታችሁ እንደሳቃችሁ ብቻ ንገሩልኝ።