የቁልፍ ቀራጩ ወንድም

ቁልፍ ቀራጩ ሠላሳ ስድስት ዓመት ለሰው ሲቀርጽ ኖሮ ለራሱ ቤት ሁለተኛ ቁልፍ ቀርጾ አያውቅም። ለማን ብሎ! ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፣ ወንድም የለው፣ እህት የለው። ኩላሊቱ ላይ የተነሳው ካንሰር ሳንባው ሲደርስ እንኳ ሆድ ይፍጀው ብሎ ሱቁን መክፈቱን ቀጠለ።

የተሰጠው ሕክምና አልሠራ ሲል ዶክተሯ ገና በሙከራ ላይ ስላለ ሌላ ሕክምና ነገረችው። ጠዋት ጠዋት የሚዋጠው ክኒን ዕጢው የሚያድግበትን መንገድ ይዘጋል፤ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጠው ደግሞ የሰውነቱን መከላከያ ይቀሰቅሳል።

"ሁለቱ አንድ ላይ ምን ያህል እንደሚረዱ ገና እያጠናን ነው" አለችው። "የተቀሰቀሰው መከላከያ አንዳንዴ ጤነኛውንም አካል ያጠቃል። ድንገት ቢታመሙ የምንደውልለት፣ ቤትዎን የሚከፍት ሰው ከሌለ አንቀበልዎትም።"

ሌላ ተስፋ አልነበረውም። ቅጹ ላይ "ወንድም" ብሎ ጻፈና የሱቁን ሞባይል ቁጥር ሰጠ።

ነርሷ እሱን ስትጠይቀው "ደህና ነኝ" ከማለት አያልፍም፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ለወንድሙ ትደውል ጀመር። ቁልፍ ቀራጩ ራሱ ድምፁን ወፈር አድርጎ ያነሳል።

"እንዴት ሰነበተ?"

"ደህና ነው። ትናንት ሾርባ ጠጥቷል። ነጭናጫ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም።"

አይ እሱ! ራሱን እያማ ይስቃል። እያደር ማክሰኞን መናፈቅ ጀመረ፤ ለስልክ ጥሪ ጢሙን ተላጭቶ የሚጠብቅ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ማክሰኞ ነርሷ፣ "ሌላ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?" ስትለው፣ "ይፈራል" የሚል ቃል አመለጠው። ይህን በራሱ ድምፅ ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

በሦስተኛው ወር ምርመራ ዕጢው ቀንሶ ተገኘ። ቁልፍ ቀራጩ የምሥራቹን የሚነግረው ሰው ስላጣ ነርሷ ለወንድሙ እስክትነግረው ማክሰኞን ጠበቀ።

በአራተኛው ወር ሆዱ ታመመ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት አልወጣም፤ በሦስተኛው ቀን ግድግዳ ተደግፎ ወርዶ በታክሲ ሆስፒታል ደረሰ። ነርሷ አልጋ ላይ አስተኝታው፣ "አይዞዎት አባባ፣ ለወንድምዎ ልደውል" ብላ ስልኳን አወጣች።

ወንበር ላይ ከተጣለው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ነርሷ ጃኬቱን አየች፣ እሱን አየች። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

"ይፈራል ያሉኝ..." አለች።

"እኔው ነኝ፣ ልጄ። እንዳታስወጡኝ ብዬ ነው።"

ዶክተሯ ተቆጣች። ብቻውን ቤት ውስጥ ሊሞት ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ሳትሸፋፍን ነገረችው። የተቀሰቀሰው መከላከያ አንጀቱን ስላጠቃ መድኃኒቱ እንዲቆም ተደረገ። እንደገና ለመጀመር ሆዱ መዳን አለበት፤ ከዚያም እውነተኛ ሰው ማስመዝገብ አለበት።

ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ሱቁን ከፍቶ የገዛ ቤቱን ቁልፍ ማሽኑ ላይ አሰረ። አዲሱን በሞረድ አለስልሶ ወደሚኖርበት ሕንፃ ተመለሰና የራሱን ፎቅ አልፎ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። እዚያ ጡረተኛው ሾፌር ይኖራል። የሾፌሩን ቁልፍ ሁለቴ ቀርጾለታል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደረጃው ላይ ሲገናኙ ግን ከሰላምታ አልፈው አያውቁም።

"ምነው፣ በሰላም ነው?" አለ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ።

"ታምሜያለሁ። ሰው የለኝም። ከሆስፒታል ቢደውሉልህ አንስተህ ቤቴን ትከፍትልኛለህ?" ቁልፉን ዘረጋለት።

ሾፌሩ ተቀብሎ አገላበጠው።

"እከፍታለሁ እንጂ፤ ምን ችግር አለው" አለ። ከዚያ አፈር ብሎ፣ "ግን ያንተ በር የትኛው ነው?" ሲል ጠየቀው።