የቦኖው ቁልፍ በጽዮን ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከሥልጠና አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዤ ገባሁ። መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ጀርባው ላይ «ሴቶችን ማብቃት ለዘላቂ ልማት» የሚል ጽሑፍ። አርባ ምንጭ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦርሳ ሰባት ስምንት ሳይኖረኝ አይቀርም፤ ሽንኩርቱንም ድንቹንም ገዝቼባቸዋለሁ። የዘንድሮዋ አሠልጣኝ ግን ወረቀቷን አጥፋ አስቀመጠችና «እስቲ በልጅነታችሁ ሴቶች ሲመሩት ያያችሁትን አንድ ሥራ ንገሩን» አለች። ሁሉም ተራ በተራ ተናገረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ «አላስታውስም» አልኩ። ዋሸሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በዚያ ነገር ስዋሽ ደግሞ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ያደግሁት መቐለ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ብቻ ያለፉበት ጊዜ ነበር። አባቴ የወሎ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤታችን ውስጥ አማርኛ ይነገራል። እናቴ ለተብርሃን ግን የመቐለ ልጅ ናት፤ ስትቆጣም ስትጸልይም በትግርኛ ነው፤ እኔን «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ትለኛለች፤ እኔም «አደይ»፣ እናቴ፣ እላታለሁ። ለሰፈሩ ሁሉ የነበረው አንድ ቦኖ ነው፤ እሱም ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሮ በሩ ይቆለፋል። ውኃው የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። በዚያ ቀን ሰፈሩ የራሱ ሽታ ነበረው፤ ፀሐይ የመታው ጀሪካንና የራሰ አቧራ ሽታ። እኛ ልጆች በተሰለፉት ጀሪካኖች መሐል መሬቱን በከሰል አስምረን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት ነበር።

ቁልፉ ቀድሞ አቶ ኪሮስ የሚባሉ ጡረተኛ እጅ ነበር። ሲፈልጉ ይከፍታሉ፣ ሳይፈልጉ ይተኛሉ፤ ከፍተውም ዘመዶቻቸውን ያስቀድማሉ። እናቶች ሥራ ስለሚሄዱ ወረፋ የምንጠብቀው እኛ ሴት ልጆች ነበርን፤ ስለዚህ የውኃ ቀን ትምህርት የለም። እናቴና አራት ሴቶች ይህን ይዘው ስንት ስብሰባ ላይ እንደተነሡ እኔ አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ መጣች። ከዚያ በኋላ አራስና ነፍሰ ጡር ቀድመው ይቀዳሉ፤ ተማሪ ልጅ ያለው ቤት ደግሞ ደወል ሳይደወል ቀድቶ ይጨርሳል። ሰዓዳ የምትባለው ጓደኛዬ አንድም ቀን ሳትቀር ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

የሰዓዳ እናት ዘሐራ ከአምስቱ ሴቶች አንዷ ነበረች። ከወሎ የመጣች ሙስሊም ናት፤ ሕንጻ የሚሠራበት ቦታ ድንጋይ ተሸክማ ልጇን ታሳድጋለች። እሷና እናቴ አንድ ስምምነት ነበራቸው። የእኛ በዓል ከውኃ ቀን ጋር ሲገጥም ዘሐራ ትከፍታለች፤ ዒድ ሲሆን እናቴ። ማንም የጻፈው ነገር አልነበረም፤ ግን እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የኅዳር ጽዮን በውኃ ቀን ዋለ። እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ጓለይ፣ ዘሐራ ስትመጣ ስጫት፤ ከዚያ ተከተይኝ» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ያለው ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ነበር። በጽዮን ቀን የሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው መሣሪያ ያቀበለም እኩል ይጠየቃል ብሎን ነበር። ቁልፉን ሳየው የእናቴ ነፍስ መሰለኝ። ወስጄ የአባቴ ዳዊት ማኅደር ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ የተሻለ የተቀደሰ ቦታ አላውቅም ነበር።

ዘሐራ ሁለት ጀሪካን ይዛ መጣች። «የኔ አካል፣ ቧንቧው ጮኸ፣ ውኃው መጣ፤ በይ ቁልፉን አምጪ።»

«አደይ ይዛው ሄዳለች።»

«እተውልሻለሁ ብላኝ?»

«ረስታ ይሆናል።»

ትንሽ አየችኝ። «ወላሂ፣ ለተብርሃን ስትረሳ አላየሁም» አለች፤ በቁጣ አይደለም። ጀሪካኖቹን በራችን ላይ ትታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ወጪ ገቢውን ስለ እናቴ ስትጠይቅ እንደቆየች የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ነጭ ለባሽ መሐል እናቴን ማን ይለያታል? ስትመለስ ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ውኃው ሄዷል። የቀሩትም ሰዎች የቦኖውን በር ለመስበር አልደፈሩም።

እናቴ ስትገባ በደስታ ተቀበልኳት። «አደይ፣ ከኃጢአት አዳንኩሽ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልመታችኝም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና «ጓለይ፣ ጽዮን ውኃ አትጠጡ ብላለች?» አለችኝ። ከዚያ ቁልፉን ከማኅደሩ አውጥታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ቦኖው ፊት ተሰበሰበ። የሚቀጥለው ውኃ ከሳምንት በኋላ ነው። አቶ ኪሮስ ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ቆሙ።

«ይኸው! ቁልፍ ስጡን ብላችሁ ስንት ስብሰባ አስቀመጣችሁን። በዓል ሲመጣ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ እብስ! ሰፈሩ ምን ይጠጣ? ጠበል?»

ወንዶቹ ሳቁ። ከኋላ አንዲት ሴት «እርስዎ ይዘውት ሳለ ያለ በዓልስ ስንት ቀን ተቆልፎ ውሏል!» አለቻቸው።

«ያለፈውን ተይው፤ የዛሬውን ንገሪኝ። ቁልፉ የት ነበር?»

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። እጄን ይዛኝ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አራት ፊደል ናት። ዝም አልኩ። «እኔ ነኝ» አለች እናቴ፤ «ይዤው ሄድኩ።» ዘሐራ እውነቱ እንዳልሆነ ገብቷታል፤ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እግሯ ሥር ያለውን መሬት አየች። እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ቁልፉን ፈትታ ለአቶ ኪሮስ ሰጠቻቸው። ስትዋሽ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በበዓል ቀን።

ወረፋው እንደ ድሮው ሆነ። አባቴ በርሚል ገዛ፤ በአህያ ውኃ የሚያመላልስ ሰው ተያዘልንና እኔ ከትምህርቴ አልቀረሁም። ዘሐራ ግን በርሚልም ባልም አልነበራት፤ ከሥራ ከቀረች ትባረራለች። አቶ ኪሮስ መቼ እንደሚከፍቱ ስለማይታወቅ አንድ ሰው ቦኖው ጋ መዋል ነበረበት። ሰዓዳ መጀመሪያ የውኃ ቀን ብቻ ቀረች፤ ከዚያ ቦኖው ሳይከፈት ሲውል በማግስቱ ሌላ ሰፈር ሄዳ ለመቅዳት ሁለት ቀን፤ ከጥምቀት በኋላ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ትለኝ ነበር። ለተወሰነ ጊዜ እነግራት ነበር። በኋላ ግን በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

እናቴ ነገሩን ሳታነሣው ከስድስት ዓመት በፊት ዐረፈች። አምና ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ሰዓዳን ፈልጌ አገኘኋት። አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጽዳት ትሠራለች፤ ስፌት ማሽን ላይ ለመቀመጥ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ይጠየቃል አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሳቀች።

«እናቴ የዚያኑ ቀን ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እናትሽ ራሷ ዝም ብላ እኛ ምን እንበል?»

ያ ቦኖ ዛሬ የለም። ቧንቧ በየግቢው ገብቷል፤ ቁልፍ የሚይዝ አቶ ኪሮስም የለም። ውኃው ግን አሁንም በፈረቃ ነው። በሄድኩበት ቀን የሰዓዳ ልጅ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ግቢ ውስጥ በርሚሉ አጠገብ ተቀምጣ ቧንቧው እስኪያፏጭ ትጠብቅ ነበር። ትምህርት የለም ወይ ብዬ ስጠይቃት «ዛሬ ውኃ ነው» አለችኝ፤ እኛ በዕድሜዋ ሳለን እንደምንለው።

ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ልጅ ነበርሽ አሉኝ፤ ስግደትም አዘዙልኝ። አንድም ሳላጎድል ጨረስኩ። ሰዓዳ ግን እስከ ዛሬ አራተኛ ክፍል ናት።