የከሪማ አርብ

ከሪማ የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ልጅ ናት። አቡ ዳቢ፣ ሸኽቦት ሲቲ በሚባለው ሰፈር የሰው ልጆች ስታሳድግ ዓመታት ቆጥራለች። ምላሷን ያልቀመሰ የለም፤ ለሰው ችግር ግን እግሯ ቀድሞ ይነሳል።

ከአቡ ዳቢ ራቅ ባለችው አል ዓይን ከተማ ትዝታ የምትባል የቤት ሠራተኛ ከደረጃ ወድቃ ሆስፒታል ገባች፤ አንደበቷም ተዘጋ። ነርሶቹ ሲያጎርሷት እምቢ ትላለች፤ አማርኛ ስትሰማ ብቻ ዓይኗን ትገልጣለች። በቋንቋዋ የሚያናግራት ካልመጣ እየደከመች ትሄዳለች ተባለ። ዘመድ የላትም፤ የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነችም የሚያውቅ ጠፋ።

አቡ ዳቢ ማኅበር ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን እህቶች አሉ፣ እነከሪማ የወሎ ሙስሊሞቹ አሉ፣ የያስ ደሴት የሆቴል ሠራተኞች አሉ። ከሪማ ሦስቱን በስልክ አገናኘቻቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የኛ ድር ግን መጀመሪያ ማን ይፍተለው ብሎ ይጣላል። ሰብሳቢው ማን ይሁን፣ በማን ስም ትጠየቅ፣ ለመሆኑ የማን ናት? የቤተ ክርስቲያኖቹ ሰብሳቢ፣ ሾፌሩ ወልደ ሚካኤል፣ "በአካል ተገናኝተን እንወስን" አለ። መቼ? የወሎዎቹ እረፍት አርብ፣ የቤተ ክርስቲያኖቹ እሑድ፣ የሆቴሎቹ በሌሎቹ ቀናት የተበታተነ። ቀን ሲፈልጉ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ትዝታ ብቻዋን ተኝታለች።

ከሪማ አንጀቷ አረረ። አርብ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደችና እያወራች ሾርባ አጎረሰቻት። ስትወጣ "ነገስ ማን አላት?" ብላ አሰበች፤ ያኔ ነገሩ በራላት። ለሁሉም ድምጿን ቀርጻ በስልክ ላከች።

"ጋሼ ወልደ ሚካኤል፣ ስብሰባው ኸላስ፣ በቃ። እረፍታችን አለመግጠሙ እኮ አላህ ሲረዳን ነው። አርብ የኛ፣ እሑድ የእናንተ፣ የቀረውን ሆቴሎቹ ይያዙት። ሰብሳቢነቱን የፈለገ ይውሰደው። የማን እንደሆነች ስትድን ራሷን እንጠይቃታለን።"

ወልደ ሚካኤል አኮረፈ። እሑድ ግን እህቶቹን በመኪናው ጭኖ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ከሪማ አርብ አርብ አልቀረችም፤ ትዝታ አጠገብ ያለው ወንበርም ባዶውን አልዋለም። መብላት ጀመረች፤ አንደበቷ ግን እንደተዘጋ ቆየ።

አንድ እሑድ አሠሪዋ ማዳም ፈቃድ ሰጠቻትና ከሪማ ሳትታሰብ ከች አለች። ወልደ ሚካኤልና እህቶቹ አልጋውን ከበዋል። ትዝታ በሩ ላይ ስታያት ግንባሯን ቋጠረች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ዛሬ... አርብ ነው እንዴ?"

ወልደ ሚካኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዚያች ምላሰኛ የከሪማ እንባ ወረደ፤ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

ትዝታ የማን እንደሆነች ግን እስከ ዛሬ የጠየቃት የለም።