የዲንሳ አንድ ዓመት

በ1978 ዓ.ም. ከላፍቶ እስከ ጎፋ ዲንሳን የማያውቅ ቢኖር ኳስ የማይወድ ሰው ነው። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አስር ቁጥር ለባሽ። ኳሷ እግሩ ስር ከገባች ተመልካቹ ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል፤ እሱ ግን ቀና እንኳ ሳይል ከሜዳው ወዲያኛው ጥግ ለሚሮጠው ጓደኛው ያደርሳታል። ቀበሌው በዚህ ልጅ እግር የዙሪያው ቀበሌዎች ሁሉ የሚፋለሙበትን የከፍተኛውን ዋንጫ ሊበላ ቆርጦ ተነሳ።

አንዲት ጣጣ ብቻ ነበረች። ውድድሩ አስራ ስምንት ዓመት ለሞላው ነው፤ ዲንሳ ደግሞ ገና አስራ ሰባቱ ነው።

"ለዚህ ነው እንዴ ፊትህ የጠቆረው?" አለው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ከበበው። "ማኅተሙ እኔ ጋ አይደል?"

ወረቀት ጻፈ፤ ማኅተሙን ረገጠበት። ዲንሳ በአንድ ከሰዓት አንድ ዓመት አደገ። ጢም ያበቀለ መስሎት አገጩን ዳበሰ።

በፍጻሜው ቀን ሁለት ጎል አመቻችቶ ሰጠ፤ ሦስተኛውን ራሱ አገባ። ዋንጫዋን ከፍ አድርጎ ያነሳትም እሱ ነው። ሕዝቡ እሱንም እሷንም ተሸክሞ ቀበሌ ድረስ ጨፈረ።

በሦስተኛው ሳምንት ቀበሌው በር ላይ የስም ዝርዝር ተለጠፈ። ዲንሳ ስሙን ሲያይ የተሰላፊዎች ዝርዝር መስሎት ደስ አለው። ለካስ የብሔራዊ ውትድርና ነው፤ አስራ ስምንት የሞላቸው በሙሉ።

በየዓመቱ ገብሷን በእሱ የምታሳጭደው እናቱ ሸጊቱ እጁን ይዛ ቀበሌ ገባች።

"ጓድ ከበበው፣ ልጄ አስራ ሰባት ነው። አንተው ታውቃለህ።"

"እኔማ አውቃለሁ እትዬ ሸጊቱ። የማያውቀው ማኅተሙ ነው።"

"ታዲያ ንገረዋ!"

ከበበው ዋንጫዋ ወደተቀመጠችበት መደርደሪያ ዞረ። "አስራ ሰባት ነው ካልኩ ዋንጫው ለጎረቤት ቀበሌ ይሄዳል። ሕዝቡ ምን ይለኛል? እስቲ ልጅዎን ይጠይቁት።"

ዲንሳ እናቱን አየ፤ ዋንጫዋን አየ። "ትመለስ" ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ከዋንጫዋ አልላቀቅ አለ።

"እንግዲያው ዘንድሮ ገብሱን ዋንጫው ያጭድልኛ!" ብላ ሸጊቱ ወጣች።

ዲንሳ ከጦር ሜዳ በ1983 ተመለሰ፤ ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ እያለው። ቀበሌ ገባ፤ ከበበው የለም። ዋንጫዋ ግን አለች፤ ጠረጴዛው ላይ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ሆናለች። ዲንሳ መታወቂያ ሊያወጣ አዲሱ ጸሐፊ ፊት ቆመ።

"ዕድሜ?" አለው ጸሐፊው፣ ከዋንጫዋ እስክሪብቶ እየመዘዘ።

ዲንሳ ትንሽ አሰበ።

"በእናቴ ነው በቀበሌው?"