ብልጭ ድርግም የማይለው ገጽ

ካዛንቺስ ኢንተርኔት ቤት በነበረኝ ጊዜ ኮድ መጻፍ በራሴ ተምሬ ነበርና ጉራዬ አይጣል ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ጋዜጣ ላይ የታተመውን የዕድለኞች ዝርዝር ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ዳታቤዝ ውስጥ አስገባነውና አንድ ድረ ገጽ ሠራሁ። የምዝገባ ቁጥር ሲጻፍለት ዕጣ መውጣት አለመውጣቱን ይናገራል። የጋዜጣው ደቃቅ ፊደል ያስቸገራቸው ሰዎች ከቂርቆስ ሰፈር ሳይቀር ወረቀታቸውን ይዘው መጡ።

መጀመሪያ የሠራሁት ገጽ አናዳጅ ነበር። ዳታቤዙ ያለው ውጭ አገር በተከራየሁት ሰርቨር ላይ ነው፤ ኮኔክሽኑ ደግሞ ያው የኛ ኮኔክሽን ነው። አንድ ሰው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ገጹ በሙሉ ነጭ ይሆንና ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ይጫናል። ሰዉ ነጩን እያየ "ጠፋ እንዴ?" ይለኛል። "ይመጣል፣ ይመጣል" ስል እውላለሁ። በገንኩ! ሦስት ቀን ታግዬ ገጹ ከቦታው ሳይነቃነቅ መልሱ ብቻ ከጀርባ እንዲመጣ አደረግኩት። ማለቴ፣ አዲሱ መልስ እስኪደርስ የቀደመው እዚያው መልሱ የሚታይበት ሳጥን ውስጥ ይቆያል፤ ሲደርስ ይተካዋል። ብልጭ የለ፣ ድርግም የለ። ራሴን አደነቅኩ፣ ምን ይደረግ!

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ጢም አለ። አንድ ሹፌር ቁጥሩን ሰጠኝ፤ "ዕጣ ደርሷል፣ ባለ አንድ መኝታ" የሚል መጣ። ሰዉ እልልታውን አቀለጠው፤ እኔን ሁሉ ሳሙኝ። በዚያ ግርግር መሃል ከጀርባችን ያለው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ እናት ወረቀታቸውን ዘረጉልኝ። ጉዳያቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የቤቱን ቁጠባ የምትልከው ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጃቸው ናት። ኮንትራቷ በዚያ ሳምንት ያልቃል፤ ዕጣው ከወጣ ልትመጣ፣ ካልወጣ ሌላ ሁለት ዓመት ልትፈርም ተነጋግረዋል።

ቁጥራቸውን ጻፍኩ፣ ተጫንኩ፣ ቀና ብዬ አነበብኩ።

"እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ባለ አንድ መኝታ!"

"እውነትህን ነው የኔ ጌታ? እሰይ! እሰይ!" ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጬ ያዝኳቸው። ከዚያ ስልካቸውን ይዘው ወደ በሩ ወጡና ለልጃቸው ሚስኮል አደረጉ።

ለሚቀጥለው ሰው ልጽፍ ስዞር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ተቀየረ። "በዝርዝሩ ውስጥ የለም" ይላል። ክው አልኩ። ያነበብኩላቸው የሹፌሩን ነው፤ የሳቸው መልስ ገና መንገድ ላይ ነበር። ቁጥሩን ደግሜ ጻፍኩ፣ ጋዜጣውንም ገለጥኩ። የለም። ያ ስሰድበው የከረምኩት ነጭ ገጽ ለካ "ገና አላውቅም" ማለት ይችል ነበር። ይህን ችሎታውን የነጠቅኩት እኔ ነኝ፣ ለማማር ብዬ። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ሳልጠብቅ ቶሎ ስመልስ ራሴን እጠረጥራለሁ።

ወጣሁ። ልጅቷ መልሳ ደውላ እያወሩ ነው። "አትፈርሚ፣ በቃ ነይልኝ!" ይላሉ እማማ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ተሳስቻለሁ። የሌላ ሰው ነው ያነበብኩልዎት።"

አልተቆጡም፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ስልኩን ዘረጉልኝ።

"እኔ አልችልም ልጄ። አንተው ንገራት።"

"ሄሎ" አልኩ።

"ወንድሜ፣ አንተ ነህ ያየህልን? እግዜር ይስጥህ! ዛሬውኑ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወርዳለሁ!"

"ስህተት ነው እህቴ። ዕጣው አልወጣላችሁም።"

አልሰማችኝም፤ እልል እያለች ነበር። እስክትጨርስ ጠበቅኩና እንደገና ነገርኳት።