ነጭ አበባ ያለበት ካርታ

ዝናቡ እንደ እንጉርጉሮ በማያባራበት የአየርላንዷ ጎልዌይ ከተማ የቅዳሜ ገበያ፣ የወንድ ሹራብ የደረበች አሮጊት ድንኳን ሥር ትቀመጣለች። ዕጣ ፈንታ የምታነብባቸውን የታሮት ካርታዎቿን፣ ቁራውንም ምንጩንም የጥንት አማልክቱንም፣ የሳለቻቸው ራሷ ናት፤ ከጥፍሯ ሥር አረንጓዴው ቀለም አይለቅም።

ግሮንያ የምትባል ልጃገረድ እናቷ ትድን እንደሆነ ልትጠይቃት መጣች። አሮጊቷ ነጭ አበባ ያፈካ እሾሃማ ዛፍ ያለበትን ካርታ ገለጠችላት። ያንን አበባ እኛ የአገሩ ሰዎች ከደጅ እናየዋለን እንጂ ቤት አናስገባውም።

«ቤት አስገብተሽው ነበር እንዴ?»

«እማዬን ደስ እንዲላት ብዬ... አንድ ዘለላ ብቻ።»

«በይ እንግዲህ የኔ ቆንጆ፣ ሞቷን አቅፈሽላት ገብተሻል!» ብላ ሳቀች።

የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ማርከሻ የለውም፣ እማማ?»

አሮጊቷ የተሳለውን አበባ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ቢኖረው እዚህ ዝናብ ውስጥ ምን አስቀመጠኝ? ከልጄ ጋር ቤቴ እሳት እሞቅ አልነበር?»